በኮት ገበር ውስጥ የቀረ ደም

በዚያን ቀን የሰው ደም በኮቴ ገበር ውስጥ ጠፋብኝ።

ሰው መነጽር ይጠፋበታል፣ ቁልፍ ይጠፋበታል። እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ሱቄን ሳምስ የምውል ሽማግሌ ነኝና ዕቃ ሲጠፋብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ግን በብልቃጥ የታሸገ፣ ገና ያልቀዘቀዘ፣ «ቶሎ ያድርሱ» ተብሎ እጄ ላይ የተቀመጠ ደም፣ ያውም ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ግቢ ውስጥ ማጥፋት ለእኔ ብቻ የተሰጠ ተሰጥዖ ይመስለኛል። ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው የጀመርኩት። እስካሁን አልቀለለኝም።

ጣጣው የመጣው ከናይሮቢ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሽንቴ ነገር አስቸግሮኝ ወደዚያ ወርጄ ነበር። ዝርዝሩን ተዉት፤ ሰባን የተጠጋ ወንድ በቀን ስንት ጊዜ ከወንበሩ እንደሚነሳ ማወቅ የሚፈልግ አጎቱን ይጠይቅ። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ጉዞው እንደ ድሮው በከብት መኪና ላይ አቧራ እየቃሙ ሁለት ሦስት ቀን መንገላታት አይደለም፤ አውቶቡስ ላይ ተኝቼ ሄድኩ። እዚያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ተቀብሎ ትልቅ ሆስፒታል አስገባኝ።

ከአልጋዬ ፊት ለፊት ነርሶቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ የዳቦ ምድጃ በር የመሰለች ትንሽ የብረት በር አለች። ነርሷ ከእኔ የተቀበለችውን ሽንት ፔርሙስ በመሰለ ወፍራም ዕቃ ውስጥ ከተተች፤ ክዳኑን አጠበቀች፤ በሯን ከፍታ አስገባችውና ቁልፍ ተጫነች። ፉስስስስ! ግድግዳው እንደ ሰው ትንፋሹን ሳበ። በሯን መልሳ ስትከፍተው ባዶ ነው።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«ላብራቶሪ ነዋ። አራት ፎቅ ወደ ታች። አሁን ደርሷል።»

በግድግዳው ውስጥ ቱቦ ተዘርግቷል፤ አየር ከኋላ ይገፋል፣ ከፊት ይስባል፤ ዕቃው እንደ ጥይት ይሄዳል። ደም ይሁን መድኃኒት ይሁን ወረቀት፣ ሰው ሳይይዘው፣ ሰው ሳይረግጥበት፣ ሰው ሳያወራበት ይደርሳል። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ልብ አላልኩትም። ያኔ ልብ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በዕድሜዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ሽንቴ ግን በአየር ተጉዟል።

ወደምኖርባት፣ ኬንያ በኩል ወዳለችው ሞያሌ ስመለስ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው የቆመ ጆሮ አያጣም። ሴቶቹ ሻሽ ሲመርጡ፣ ወንዶቹ ሽርጥ ሲለኩ፣ እኔ ቱቦዬን እዘረጋለሁ። በመጀመሪያው ወር ቱቦው የሚሄደው ከፎቅ ወደ ፎቅ ነበር። በሦስተኛው ወር ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ሆነ። ዓመቱ ሲጋመስ አስፋልት አቋርጦ ማዶ ካለው ፋርማሲ ክኒን ያመጣ ጀመር። ሰው እንዳይጠራጠረኝ ድምፁን እጨምርበታለሁ፤ «ፉስስስስ!»

ስም ያወጣችልኝ ወተት ሻጯ ናት። ከቡቲዬ በሞተር ብስክሌት ወተቷን ጭና እየመጣች ጠዋት ጠዋት ሱቄ በረንዳ ላይ የምትቀመጥ የቦረና ሴት ናት። ባሏን ቀብራ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ምላሷ ከእኔ የማይተናነስ። «አባ ቱቦ» አለችኝ፤ በሳምንቱ ገበያው በሙሉ አባ ቱቦ አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሲሞኝ ስድቡን እንደ ሹመት ነው የሚቀበለው።

ያን ቀን ወተት ሻጯ በረንዳዬ ላይ አልነበረችም። ረፋዱ ላይ ወተቷን የሚያመላልስላት ባለ ሞተር ቆም ብሎ፣ ልጇ በምጥ ተይዛ ሆስፒታል ገብታ ማደሯን፣ ጎሕ ሲቀድም ሴት ልጅ መውለዷን፣ ግን ደሙ አልቆም ማለቱን ነገረኝ። የልጅቱ ባል ከብት ይዞ ኦቦ የሚባል ሩቅ ቀበሌ ነው፤ ስልክ አይገባም። ሁለት ሜትር ንጹሕ ጨርቅ ቆርጬ፣ ኮቴን ደርቤ፣ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሄድኩ።

ልጅቱን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ። ፊቷ የሌላ ሰው መስሎብኝ በአልጋው አልፌ ነበር፤ እናቷ ናት በክንዴ የሳበችኝ። ሕፃኗን በአንድ እጇ አቅፋለች፣ በሌላው የልጇን እግር ይዛለች።

ሲስተሯ፣ ፈጣንና ቆፍጣና ሴት፣ ከልጅቱ ክንድ ደም ቀድታ በብልቃጥ አሸገች። ከከረጢት ደም ሳይሰጣት በፊት ዓይነቱ መታወቅ፣ ከሚሰጣትም ደም ጋር መስማማቱ መታየት አለበት። እዚህ አካባቢ እንደ ናይሮቢው ያለ ግድግዳ የለም፤ ናሙና ወደ ላብራቶሪ የሚያመላልሰው አስታማሚው ነው። ሁላችንም አድርገነዋል። የራሳችንን ዓይነ ምድር እንኳ በእጃችን ይዘን፣ የምናውቀውን ሰው ላለማየት መሬት መሬት እያየን፣ ግቢውን ያላቋረጥን የለንም።

«አስታማሚ ማነው?» አለች ሲስተሯ።

ወተት ሻጯ እጆቿን አየች፤ ሁለቱም ተይዘዋል። እኔን አየች። «አባ ቱቦ፣ ያን ሁሉ አውርተሃል» አለችኝ። «ዛሬ አንተ ሂድ።»

ሲስተሯ ብልቃጧን መዳፌ ላይ፣ የምርመራ ማዘዣ ወረቀቱን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አኖረችልኝ። «ምዜ፣ ሐራካ! ይቺ ልጅ ጊዜ የላትም።» በስዋሂሊ ሽማግሌው፣ ፍጠን ማለቷ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ይገባኝ ነበር።

በጥድፊያ ወጣሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስወጣ እየሮጥኩ ነበር።

በግቢው መሀል አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር። ሐጂ እዚያ ተቀምጧል። ሐጂ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ እየተሻገረ ከብት የሚነግድ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳንስማማ አብረን ያረጀን ወዳጄ ነው፤ የደም ግፊት ክኒኑን ሊወስድ መጥቷል። ከአጠገቡ ከጎዶማ የመጡ አንድ የቦረና አዛውንት አሉ።

በእኛ አገር ሽማግሌ በሽማግሌ አጠገብ ሰላም ሳይል አያልፍም። ሰላምታችንም አንድ ቃል አይደለም። እጅ ተያይዞ፣ አንተስ ሰላም ነህ፣ ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ፣ መንገዱስ፣ እየተባለ ነው። «ነጋያ?» ይሉሃል፤ «ነጋያ» ትላለህ፤ ሰላም ነው ማለት ነው። በግራ እጅ ሰላም አይባልምና ብልቃጧን ወደ ግራዬ አዛውሬ ቀኜን ሰጠሁ።

«ምን ይዘሃል?» አለ ሐጂ።

«ደም። የወተት ሻጯ ልጅ ናት፤ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሂድ እንጂ!»

ልብ አድርጉ፤ ሂድ ብሎኛል። ሐጂን በዚህ የሚከሰው የለም።

«ልሄድ ነው» አልኩ። «ናይሮቢ ቢሆን ኖሮ እኮ ይሄኔ...»

«ደግሞ ጀመረው!» አለ ሐጂ።

አዛውንቱ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ናይሮቢ ቢሆን ምን?» አሉኝ።

አዲስ ጆሮ። በመላው ሞያሌ ታሪኬን ያልሰማ ሰው ካጣሁ ወራት አልፈው ነበር። ከሐጂ ጋር የቆየሁት የሰላምታውን ያህል ነው፤ ከእሳቸው ጋር የቆየሁት ግን የወሬ ስካሬን ያህል ነው። ሌላ ስም የለውም። ግድግዳውን፣ በሯን፣ ፔርሙሱን ነገርኳቸው። «ደም እንዴት በግድግዳ ውስጥ ይሄዳል?» አሉኝ። የእኔ ኦሮምኛ ለወተትና ለጨርቅ ይበቃል፤ ለአየር ግፊት አይበቃም። ስለዚህ ኮቴን አወለቅኩ።

«ይህ እጅጌ ቱቦው ነው» አልኩ። «በትከሻው በኩል ዋርድ፣ በእጁ በኩል ላብራቶሪ። ሐጂ፣ አንተ ላብራቶሪ ነህ፤ መዳፍህን ዘርጋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው» አለኝ።

«ይቺን ብቻ! ዘርጋ!»

ሳይወድ ዘረጋ። ብልቃጧን በትከሻው በኩል ለቀቅኳትና ጉንጬን ነፍቼ «ፉስስስስ!» አልኩ።

ሐጂ መዳፍ ላይ ምንም አልወረደም።

«ላብራቶሪው ባዶ ነው» አለ ሐጂ።

አዛውንቱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ እንዳላፍር ብለው፣ «ምናልባት ናይሮቢ ሩቅ ስለሆነ ይሆናል» አሉ።

እጅጌውን አራገፍኩት። ገለበጥኩት። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ያ ኮት መርፌ አይቶ አያውቅም፤ ብብቱ ሥር ገበሩ ከተቀደደ ዘመን አልፎታል። ስንቱን ያለበስኩ የጨርቅ ነጋዴ የራሴ ኮት የውስጥ ለውስጥ ጎዳና አለው። ብልቃጧ በቀዳዳው ሾልካ ገበሩና ኮቱ መሀል ገብታለች። እጄን በቀዳዳው ሰድጄ ስፈልግ ጣቶቼ መጀመሪያ ያገኙት እርሳስ ነው፤ ሐጂን ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባ ያልኩበት እርሳስ።

«ይኸው! ይኸው!» ሐጂ ከወንበሩ ተነሳ። «ሌባው ተያዘ! አዛውንት፣ ምስክሬ ይሁኑ!»

ሳቅን። ደም እየፈሰሳት ያለች ልጅ በሦስት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ተኝታ እኛ በእርሳስ ሳቅን። ኮቱ ይቅር፣ ቀዳዳው ይቅር፤ ያን ሳቅ ግን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ብልቃጧን ከኋላ፣ ጠርዙ ጋ፣ በጨርቁ ላይ ዳበስናት። አለች፤ ግን እጄ አይደርስም። ሐጂ ጩቤውን ፍለጋ ወገቡን ነካ፤ የለም፤ በከተማው ግጭት ከተነሳ ወዲህ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ስለትና ዱላ ተቀብሎ ነው የሚያስገባው። በጥርሴ ገበሩን ያዝኩና ቀደድኩ። ጣቴ ብልቃጧን ሲነካት ጎተትኩ። ክዳኗ ክር ላይ ተጠምዶ ኖሮ እዚያው ቀረ፤ እሷ ብቻዋን መጣች። ባዶዋን። ጨርቁ የያዘችውን ሁሉ ጠጣው።

ሐጂ ሳቁን አቆመ። እድፉ ሲሰፋ ሦስታችንም እያየን ነበር።

«ሂድና ንገራቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁኑኑ። አብሬህ ልምጣ?»

«አይ፤ ራሴ እነግራለሁ።»

ከዛፉ እስከ ዋርዱ ስሄድ ዓረፍተ ነገሬን አዘጋጀሁ። «ሲስተር፣ ደሙን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።» ሁለት ሦስቴ ደጋገምኳት፤ አፌ ለመዳት። በሩ ላይ ስደርስ ሲስተሯ «ምዜ! ምን አሉ? ደሙስ?» አለችኝ፤ ከኋላዋ ወተት ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት ምን ያህል ያምነኝ እንደነበር ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ተሰበረች» አልኩ። «እዚያ። የላብራቶሪው ሰው ከእጁ ጣላት።»

ውሸት ሳያስቡት እንዲህ ተሰፍቶ፣ ተቆልፎ፣ ተተኩሶ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እውነቱን ስንት እርምጃ ሙሉ ተለማምጄዋለሁ፤ ውሸቱ ልምምድ አልፈለገም።

ሲስተሯ አዲስ መርፌ አነሳች። ላስቲኩን የልጅቱ ክንድ ላይ አሰረች፤ ደም ስሯ የለም። ደም የጎደለው ሰው ደም ስሩም ይሸሻል። ወጋች፤ የለም። ሁለተኛ ወጋች። በሌላኛው ክንድ ሦስተኛ ወጋች። ልጅቱ ዓይኗን ሳትከፍት «አዮ፣ አላለቀም?» አለች፤ እናቷን ነው። እናቷ «አለቀ፣ አለቀ» አለቻት። አላለቀም ነበር። በአራተኛው ነው የመጣው፤ እሱም በጠብታ። እኔ ኮቴን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ እቆጥር ነበር። አራት መርፌ። አራቱም የእኔ ናቸው።

«አሁን ለማንም አልሰጥም» አለች ሲስተሯ። ሌላ ነርስ ከአልጋው አጠገብ አቁማ ብልቃጧን ይዛ ራሷ ወጣች። ተከተልኳት። ለምን እንደተከተልኳት አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ነው ማለት ደስ ይለኛል፤ ውሸቴን ለመጠበቅም ሊሆን ይችላል።

የላብራቶሪው ሰው ከወደ ደቡብ የመጣ፣ ረጅም፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ነው። በመስኮቱ ፊት ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል። ሲስተሯ ሰልፉን ሰንጥቃ ገባችና ሁሉም እየሰማ ወረደችበት። «የሰው ደም ትጥላለህ? ሲወድቅብህስ ሮጠህ አትነግረኝም? ሽማግሌ ሰው ነው የምትመልሰው? እዚያ ያለችው ሰው አይደለችም?»

ሰውየው አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ብብቴ ሥር የተጠቀለለውን ኮት፣ በጠርዙ ላይ ያለውን ቀይ አየ። ዓይኑ ወደ ሸሚዜ ኪስ ሄደ፤ ወረቀቱ ከነእጥፋቱ ብቅ ብሏል፤ እሱ ዘንድ ደርሶ የማያውቅ ወረቀት። ሁሉንም አየ። ማየቱንም እኔ አየሁ። አሁን ይናገራል ብዬ ወደ መሬት አቀርቅሬ ጠበቅኩ።

«ፖሌ፣ ሲስተር» አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው። «አምጪው።»

እጁን ዘርግቶ ብልቃጧን ተቀበለና ጀርባውን ሰጥቶን ሥራ ጀመረ።

ከደሟ ዓይነት አንድ ከረጢት በፍሪጁ ውስጥ ነበር። ሲያበቃ ማንንም አልጠራም፤ ከረጢቱን ይዞ ነጭ ጋውኑ እየተርገበገበ በዛፉ አጠገብ፣ በሐጂ አጠገብ፣ ሰላምም ሳይል ሮጦ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ከንፈሯ ቀለም ያዘ። ውኃ ጠየቀች። ከዚያ ሕፃኗን ጠየቀች። ወተት ሻጯ ሁለት እጄን ይዛ ሳመችና፣ «አንተ ባትሮጥልኝ ኖሮ!» አለችኝ። «ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር።»

ዝም አልኩ። አየሁት፤ ዝም ማለት ለካ እንደ መናገር ነው፤ የሚቀለው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወተት ሻጯ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ኩባያ ለእኔ ቀዳች። «የልጄ ዋስ» ብላ። በየቀኑ እንዲሁ። ወተቱ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ በአየር ግፊት እንኳ የሚወርድ አይመስልም። እሷ ደግሞ ለሚገዛትም ለማይገዛትም የላብራቶሪውን ሰው ታወራለች። የቱቦዬን ታሪክ ያረዘምኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህኛው ያለ እኔ ረዘመ። በሳምንቱ አንድ ብልቃጥ የሰበረው ሰው ሦስት ሰባሪ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጫት ቅሞ ነው ተባለ። ሱቄ ውስጥ አንዲት እናት የልጇን ደም ለዚያ ሰው ላለመስጠት ወደ ግል ክሊኒክ እንደወሰደች ስትናገር፣ እኔ ሜትሩን በጥርሴ ይዤ ጨርቅ እለካ ነበር። ሐጂ እየመጣ በሩ ላይ ይቆማል። «ነገርካቸው?» ይለኛል። «ሰው እስኪቀንስ ነው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ ሳይኖር መጥቶ ዙሪያውን አየና፣ «አሁንስ ቀነሰ?» ብሎኝ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ሜትር ደህና ጨርቅ በወረቀት ጠቅልዬ ላብራቶሪ ሄድኩ። በመስኮቱ ፊት ሰልፍ አልነበረም። ያም አሳፈረኝ።

«ምዜ፣ ናሙና ይዘው ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ያን ቀን... እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ወረቀቱ ኪስዎ ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጠረገ። «ሲስተር ስትቆጣ ሰዓት አየሁ» አለ። «ብከራከር እርስዎ ይምላሉ፣ እኔ እምላለሁ፣ ሰው ይሰበሰባል። ምርመራው ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። የክርክሩን ጊዜ ከየት ላምጣው?»

«በኋላስ?»

«በኋላማ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌ አይደሉ?»

ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ ሐጂ በየሳምንቱ ይሰድበኛል። እንደዚያች ጥያቄ ግን የወጋኝ የለም። ጥቅሉን በመስኮቱ ገፋሁለት። በአንድ ጣት መልሶ ገፋው።

«ለእኔ መንገር አይጠበቅብዎትም» አለኝ። «እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ይንገሩ። ለእናቷና ለሲስተር። ሁለት ሰው ነው።»

ለወተት ሻጯ በማግስቱ ነገርኳት። ኩባያውን ልትሞላ ስትል እጄን ጋረድኩበትና፣ ዛፉን፣ አዛውንቱን፣ እጅጌውን፣ እርሳሱን፣ ሳቁን ሳይቀር ነገርኳት። ሳቁን ልዘለው አስቤ ነበር፤ ግን ግማሽ ቀድቶ ግማሽ መመለስ ሆነብኝ።

«ኮቱ የት አለ?» አለች።

ሳላጥበው ከባንኮኒው ሥር ጥዬው ነበር። አመጣሁላት። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተቀደደውን ገበር ገለጠች፤ የደረቀውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ የልጄ ነው» አለች።

ኮቱን አጥፋ አስቀመጠችልኝ፤ ወተቷን አንስታ መንገዱን ተሻግራ ሌላ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እኔ በበሬ ሆኜ፣ እሷ በማዶ ሆና፣ መሀላችን መኪናና አህያ እያለፈ ብዙ ቀን ተያየን። በዚያው ሳምንት አንድ ዕቃ ሙሉ ወተት ይዛ ላብራቶሪ መሄዷን ሐጂ ነገረኝ፤ በመስኮቱ ፊት ቆማ ለተሰለፈው ሁሉ ጮክ ብላ፣ የሰበረው እሱ አይደለም፣ አባ ቱቦ ነው፣ አለች አሉ። ወሬውን ባሰራጨችበት አፏ ለቀመችው። እኔ ያልሰጠሁት ድፍረት እሷ ዘንድ ተርፎ ነበር።

በኋላ ወደ በረንዳዬ ተመለሰች፤ የእኔ በረንዳ ጠዋት ጥላ አለው። የመጀመሪያው ኩባያ ግን ቀርቷል፤ እንደ ማንም ገዝቼ ነው የምጠጣው፤ ጉሮሮዬም ላይ አይቆምም። አባ ቱቦ ማለቷንም ትታ ሌላ ስም አውጥታልኛለች። አዲሱን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ሲስተር ቀረች፤ ያን ሳምንት ፈቃድ ወጥታ ስለነበር የወተት ሻጯ ጩኸት አልደረሳትም።

የላብራቶሪው ሰው ተዛውሮ ከመሄዱ በፊት ሱቄ መጥቶ ለእናቱ ጨርቅ ገዛ። እየቆረጥኩለት ሳለ፣ «ሲስተርስ?» አለኝ። «በዚህ ሳምንት» አልኩት። ፈገግ አለ። «እሺ፣ ምዜ» ብሎኝ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ያ ሳምንት ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሲስተር አሁንም እዚህ ናት። እንደ ሐጂ እኔም የደም ግፊት ታማሚ ሆኛለሁና በየወሩ ክንዴን የምታስረው እሷ ናት። በየወሩ ዓረፍተ ነገሬን ይዤ እሰለፋለሁ። ባለፈው ሳምንት መሣሪያውን አይታ፣ «ከፍ ብሏል፣ ምዜ፤ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«ጨው አበዛሁ» አልኳት።

እየጻፈች ሳለች ስለ አዲሱ የላብራቶሪ ባለሙያ ስታማርር፣ የቀድሞውን አነሳች። «ጎበዝ ነበር» አለች። «ያን ቀን እጁ ባይዝለው ኖሮ ከእሱ የተሻለ አላየሁም ነበር።» አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ግን ሰው ተሰልፎ ነበር። እጅጌዬን አውርጄ፣ ክኒኔን ተቀብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ለዚያ ለላብራቶሪው ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ዕዳ አለብኝ፤ «ሲስተር፣ ደሙን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» የምትል። አጭር ናት። እዚህ ወረቀት ላይ ሳሰፍራት እንኳ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሲስተር ግን አማርኛ አታነብም።